የማናለኝ አሥር ቀን

ኸይሩ በሽር ሞተር መንዳት ይችላል። ይኼን የሚክድ የለም፤ የሚያስቸግረው እሱ ራሱ ሲያወራው መስማት ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ከተመለሱት ጋር መካነ ሰላም ከገባ ቀን ጀምሮ፣ ሁለት ሰው ቆሞ ካየ መሐል ይገባና "እኔ እኮ ሪያድ ላይ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ ነው ስነዳ የኖርኩት" ይላል። አብረውት የነበሩት ልጆች ሲነዳ የኖረው ግመል እንደሆነ ያውቃሉ። ግን ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል? ከዚያ አገር የተመለሰ ሁሉ የሚሸፍናት አንዲት ነገር አትጠፋውም፣ ተሸፋፍኖ መኖር ነው።

የሆነ ሆኖ ሞተር ገዝቶ ሰው ማመላለስ ሲጀምር ቀናው። ኮረኮንቹንም፣ አቧራውንም፣ ድልድይ የሌለውን ወንዝም በደህና ያሻግራል። ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የሚመላለሱት መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ለገበያ የወጣው ገበሬ ሁሉ "ኸይሩ ይምጣ፤ ኸይሩ አይጥልም" ይሉ ጀመር። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የኸይሩ እንጀራ ይቺ "ኸይሩ አይጥልም" የምትባል ቃል ናት። መሬት የለው፣ ሌላ ሙያ የለው፣ በሠላሳ ዓመቱ ከአባቱ ቤት ነው የሚኖረው። ቃሏ ከጠፋች ሞተሩ ቆሞ የሚዝግ ብረት ነው።

ችግሩ የእትዬ በዛች ውሻ ነው።

ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ መንገዱ ታጥፎ ቁልቁል ሲጀምር፣ ጥጉ ላይ አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለች። እትዬ በዛች የሚኖሩት እዚያ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ቤሩት ናት። ልጅቱ የላከችው ቤቱን ሞልቶታል ብሎ የገመተ አንድ ሌባ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በር ሰብሮ ገባባቸው። ያሰበውን ሲያጣ ንዴቱን በእሳቸው ላይ ተወጣና ደብድቧቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ እትዬ በዛች ስድስት ወር ሙሉ ገሚሱን ጊዜ ከዚህ ጎረቤት፣ ገሚሱን ከዚያ ጎረቤት እያደሩ፣ የገዛ ቤታቸውን ቀን ቀን ብቻ እየጎበኙ ኖሩ። ኋላ አንድ ዘመዳቸው ከኩታበር ቡችላ አመጣላቸው። ስሙን ማናለኝ አሉት። በእኛ አገር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ ደብዳቤ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ "ማናለኝ! ማናለኝ!" እያሉ ሲጣሩ ጩኸታቸውን ሰምቶ ያልደረሰው ጎረቤት ሁሉ አንገቱን ደፋ። ማናለኝ አድጎ መጮህ ከጀመረ ወዲህ እትዬ በዛች በገዛ አልጋቸው ይተኛሉ።

ውሻው ለሰው ክፉ አይደለም። ገበያተኛ በደጁ ሲያልፍ አንድ ዓይኑን ገልጦ አይቶ መልሶ ይጨፍናል። ለአይሱዙም ለሚኒባስም ግድ የለው። ሞተር ሲሰማ ግን፣ ያ ረቢ! ከተኛበት ተፈናጥሮ ተነሥቶ እስከ ወንዙ ድረስ ያባርራል። የመንገዱ ሞተረኛ ሁሉ የየራሱ ዘዴ አለው። አንዱ እግሩን ሰብስቦ ነዳጅ ጋኑ ላይ ይሰቅላል። አንዱ ኪሱን ድንጋይ ይሞላል። አንዱ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለቱን በዝምታ ይንሸራተታል። ኸይሩ ግን ኩሩ ነው፤ ከውሻ አልሸሽም ባይ ነው። ጠብቆ ጠብቆ ሲደርስበት በቀኝ እግሩ አፍንጫውን ማለት ነው የሱ ዘዴ። ሁለት ጊዜ አግኝቶታል። ውሻውም አልረሳለትም።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ወሩ ጥር፣ ኸይሩ መምህርት ሙሉሐረግን ከኋላ አስቀምጦ ያንን መታጠፊያ ታጠፈ። ሙሉሐረግ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ አቧራውን ፈርታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ማናለኝ መጣ። ኸይሩ ጠበቀው፣ ጠበቀው፣ እግሩን አነሣና ወረወረ። ማናለኝ ደግሞ የዛን ቀን ትምህርቱን ጨርሶ ነው የመጣው፤ ሸርተት አለ። የኸይሩ እግር ባዶ አየር ረገጠ፣ መሪው ተጠመዘዘ፣ ሞተሩ ተጋደመ፣ ኸይሩና መምህርቷ ኮረኮንቹ ላይ ተዘረጉ።

ማናለኝ ራሱ ደነገጠ። ቆሞ አያቸውና ጭራውን እግሩ መሐል ከቶ ወደ ደጁ ተመለሰ።

የሙሉሐረግ ክንድ ተሰብሯል፤ ድምጿ ተራራውን ያስተጋባል። ኸይሩ ሱሪው ከባቱ ላይ ተቀዷል፣ ደም አለ። ሰው ከላይም ከታችም እየሮጠ መጣ። "ምን ሆናችሁ? ኸይሩ ጣለ? ኸይሩ?" ይቺ ጥያቄ ጆሮው ስትገባ ኸይሩ አላሰበም። ወላሂ አላሰበም፤ አፉ ነው የቀደመው።

"ነከሰኝ!" አለ። "ውሻው ባቴን ነክሶ ጎትቶ ጣለኝ!"

በቃ። አንዲት ቃል ናት፤ ከወጣች በኋላ የምትመለስበት በር የላትም። የቀበሌው ጸጥታ ኃላፊ መለሰ ደብተሩን ይዞ ደረሰ። መለሰ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራውን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ነው፣ ይኼ ደግሞ አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል።

"ነክሶሃል?"

"ነክሶኛል።"

"መምህርት፣ አይተሻል?"

"ፊቴን ተሸፍኜ ምን አያለሁ! ጩኸት ሰማሁ፣ መሬት ላይ ነኝ።"

መለሰ ጻፈ። የጻፈውንም እዚያው ቆሞ አነበበ፤ ሰው የነከሰ ውሻ አሥር ቀን ታስሮ ይታያል። ካበደ፣ ያው ያበደ ውሻ ነው። ካላበደም ነካሽ ነውና በአሥረኛው ቀን ይወገዳል። መወገድ ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ መርዝ የተደረገበት ሥጋ ነው። እትዬ በዛች ደጃቸው ላይ ቆመው ሰሙት። አልጮሁም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና ጠፍር ፍለጋ ወደ ቤት ገቡ።

አሁን ደግሞ የኸይሩን ጉድ ስሙ። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ነርሱ ባቱን እያገላበጠ አየ።

"ይኼ የጥርስ ነው?"

"ጎተተኝ አልኩህ እኮ።"

"እንግዲህ ውሻው ጤነኛ ይሁን አይሁን አይታወቅም። የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘ ወዲያ መድኃኒት የለውም፣ መከላከል ነው። አሥራ አራት መርፌ ነው፤ በየቀኑ አንድ።" ነርሱ መርፌውን እያዘጋጀ ጨመረ፤ "ሆድ ላይ ነው።"

ኸይሩ አፉን ከፈተ። ያኔ "አልነከሰኝም" ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። በሩ ላይ ግን አምስት ስድስት ሰው ቆሞ ያያል፤ ከመሐላቸው ሁለቱ ደንበኞቹ ናቸው። አፉን ዘጋና ሸሚዙን ገለጠ። የመጀመሪያውን መርፌ የቀመሰው እንዲህ ነው፤ ላልነከሰው ውሻ።

በዚህ ላይ መለሰ ሌላ ሸክም ጨመረለት። "የተነከስከው አንተ ነህ፤ መንገድህም በዚያው ነው። በየቀኑ ቆመህ እየው። ይበላል? ውሃ ይጠጣል? ለሃጩ ይዝረበረባል? ለእኔ ሪፖርት ታደርጋለህ።" ያኔ ሪፖርት የማይደረግበት ነገር አልነበረም፤ እንኳን የውሻ ለሃጭ።

በመጀመሪያው ቀን ኸይሩ ሞተሩን ከሩቅ አቁሞ እየፈራ ሄደ። ማናለኝ ደጁ ላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ታስሯል፤ ሲያየው ጠፍሩን እስኪያንቀው ወጥሮ ጮኸበት። ኸይሩ ሁለት ነገር ነው የሚፈራው፤ ጥርሱንና ምራቁን። የሸህ በሽር ልጅ ነው፤ ውሻ የላሰው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እንደሚታጠብ አባቱ ለደረሳዎቻቸው ሲያስተምሩ እየሰማ ነው ያደገው። እናም የያዘውን ዳቦ ከአሥር ክንድ ርቀት ወረወረለት።

እትዬ በዛች ከቤት ወጡ። ኸይሩ ስድብ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ደርሰው ጎንበስ አሉና ጉልበቱን ሳሙት።

"አፉ በለኝ ልጄ። ደምህ በደጄ ፈሰሰ። እኔ ነኝ ያላሰርኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ኧረ እትዬ! ኧረ በአላህ ይተዉ! ይነሡ!"

"ቁስልህን አሳየኝ። የከረመ ቅቤ አለኝ፣ ለንክሻ ፍቱን ነው።"

"አይ... ታሽጓል። በመድኃኒት ታሽጓል" አለና እግሩን ወደ ኋላ ሸሸገ። ሞተሩ ላይ ሲወጣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

በማግሥቱም መጣ፣ እሳቸውም ጉልበቱን ሳሙት። በሦስተኛው ቀን አስቀድሞ ሊያመልጥ ከሞተሩ ሳይወርድ ዳቦውን ወርውሮ ሊሄድ አለ፤ እትዬ በዛች መንገዱ ላይ ሮጠው ደርሰው ጉልበቱን እዚያው ሞተሩ ላይ እንዳለ ሳሙት። ጠዋት ጠዋት መርፌ ሆዱ ላይ፣ ቀጥሎ የባልቴት ከንፈር ጉልበቱ ላይ። የትኛው የበለጠ እንደሚያመው ብትጠይቁት ስለ መርፌው አንዲት ቃል አይነግራችሁም ነበር።

ውሻው ደግሞ ሌላ ነገር ጀመረ። በአራተኛው ቀን ጮኸ፣ ግን ጭራው ተንቀሳቀሰ። በአምስተኛው ጩኸቱ አጠረ። በስድስተኛው ኸይሩ ገና ከመታጠፊያው ማዶ ሳለ የሞተሩን ድምፅ ለይቶ ተነሥቶ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ጀመር። ሌላ ሞተር ሲያልፍ አሁንም ይጮሃል፤ ለኸይሩ ሲሆን ያለቃቅሳል። ኸይሩም ከአሥር ክንድ ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ሁለት ቀረበ። እትዬ በዛች ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያወሩታል፤ ስለ ልጃቸው፣ ስለዚያ ሌባ፣ ስለ ስድስቱ ወር።

"ሰው ቤት ማደር ምን እንደሆነ ታውቃለህ" አሉት። "አንተም የሰው አገር አይተሃል። ሲስቁ ትስቃለህ፣ ሲተኙ ትተኛለህ። የጎንህን መገላበጥ እንኳ ታፍራለህ።"

ኸይሩ ያውቃል። ሪያድ ዳር የግመል በረት ውስጥ አራት ዓመት ተኝቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጎማው ሳያወራ "አውቃለሁ እትዬ" ብቻ አለ።

"ከነገ ወዲያ ከነገ ወዲያ እያልኩ ስቆጥር አሁን አራት ቀን ቀረኝ" አሉ ውሻውን እያዩ። "ከዚያ ወዲያ እንግዲህ እንደ ልማዴ ነጠላዬን ይዤ የሰው ደጅ ነው።"

ኸይሩ ዳቦ ለመቁረስ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እንደ ዘረጋው ቀረ።

በስምንተኛው ቀን ከዙህር ሰላት በኋላ አባቱ ጠሩት። ሸህ በሽር ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማያውቅ ሰው ናቸው፤ ልጆቹን ቁርኣን ሲያስቀሩ እንኳ በጣታቸው ነው የሚያርሙት። አጠገባቸው አስቀመጡት።

"በዛች መጥተው ነበር። ሽማግሌ ሁኑልኝ ብለው።"

ኸይሩ የምንጣፉን ጫፍ ይጠቀልል ጀመር።

"ሐቁ ያንተ ነው። ደምህ የፈሰሰው አንተ ነህ፣ በየቀኑ የምትወጋውም አንተ ነህ። አልችልም ብትል አልፈርድብህም። ግን ለጥበቃ የተያዘ ውሻ እኮ ሸሪዓም አልከለከለውም። ብቸኛ ሴት ናቸው። አፉ ብትላቸው፣ እኔም መለሰን እለምነው ነበር።"

"አባባ፣ ምናልባት ነገሩ..."

"አብሽር፣ ሳትቸኩል አስበው" አሉና ትከሻውን ያዙት። "ስለ ጎማው የምታወራውን አውቃለሁ። እሱ ጨዋታ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። በሰው ሐቅ ላይ ግን ዋሽተህ አታውቅም፤ ለዚህ አላህን አመሰግናለሁ።"

ምን ይበል? እስቲ እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? "አስብበታለሁ አባባ" ብሎ ተነሣ። ቀጥ ብሎ መለሰ ቢሮ ሄደ። በመሐል መንገድ ያለች አንዲት ቀጭን ቀዳዳ ታይታዋለች፤ እውነቱን ሳያወጣ ውሻውን ማዳን።

"አቶ መለሰ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ። ክሱን ትቻለሁ።"

"አንተ ብትተው ነገ ሕፃን ቢነክስስ? ይቅርታ ያንተ ነው፣ ጸጥታ የእኔ ነው።" መለሰ ብዕሩን አነሣ። "ነክሷል ወይስ አልነከሰም? ከነከሰ ውሳኔው ይኼው ነው። ካልነከሰ ደግሞ ንገረኝና ልሰርዘው።"

ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ይኼን ያህል ቀላል ሆኖ የሚመጣ ዕድል በዕድሜ ስንት ጊዜ ይገኛል! ኸይሩ ግን ወሬ ከቢሮ ሲወጣ፣ ገበያ ሲገባ፣ "ኸይሩ ራሱ ነው የጣላት" እየተባለ ሞተር ተራ ሲደርስ ታየው።

"ነክሷል" አለ። ወጥቶም ግድግዳውን ተደግፎ ራሱን ረገመ። ፈሪ! አለ። ከውሻ አልሸሽም ባይ፣ ከቃል የምትሸሽ ፈሪ!

አሥረኛው ቀን ሐሙስ ዋለ። ኸይሩ ሊቀር ፈልጎ ነበር፤ መለሰ ግን የመጨረሻው ሪፖርት ላይ እንዲፈርም አዞታል። ጠዋት መርፌውን ተወጋ። ዳቦ ቤት በኩል ሲያልፍ ሞተሩን አቆመና ምን እንደሚሠራለት ሳያውቅ እንደ ልማዱ ዳቦ ገዝቶ ኪሱ ከተተ።

እትዬ በዛች ደጅ ሰው ተሰብስቧል። መለሰ ደብተሩን በአንድ እጁ፣ ጥቁር ፌስታል በሌላው ይዞ ቆሟል። ሸህ በሽር በምርኩዛቸው ተደግፈው እስከ መጨረሻው እየለመኑት ነው። መምህርት ሙሉሐረግ ክንዷ በጀሶ ታስሮ፣ ደብተሮቿን በደህናው እጇ አቅፋ በእግሯ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ቆማለች። እትዬ በዛች ማናለኝ ፊት ተንበርክከው ፍትፍት እያጎረሱት ነው።

"በባዶ ሆዱ አይሁን" ይላሉ። "ትንሽ ታገሠኝ መለሰ። በማርያም፣ ጠግቦ ይሂድ።"

መለሰ እንኳ ፊቱን አዞረ።

ይኼኔ የኸይሩ ሞተር ከመታጠፊያው ማዶ ተሰማ። ማናለኝ ጉርሻውን ጣለ። ጆሮው ቆመ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተወነጨፈ፤ አሥር ቀን ሲያኝከው የከረመው ጠፍር ተበጠሰ። ከዚያ የሆነውን ትርምስ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሴቶቹ ጮሁ፤ መለሰ ፌስታሉን እንደ ያዘ የአጥሩ ካብ ላይ ወጣ፤ ሙሉሐረግ ደብተሮቿን በትና ከሸህ በሽር ጀርባ ገባች። ማናለኝ አንዳቸውንም አላያቸውም። አቧራውን እያስነሣ ቀጥ ብሎ ወደ ሞተሩ በረረ።

"ኸይሩ! ሽሽ! ጋዝ ስጠው!" አለ ሰው ሁሉ።

ኸይሩ ፍሬን ያዘ። ሞተሩን አጠፋ። ማናለኝ ደርሶ የፊት እግሮቹን ጭኑ ላይ ሰቀለና እጁን ላሰው። መዳፉን፣ የእጁን ጀርባ፣ እስከ ክርኑ። ከዚያ አፍንጫውን ዳቦው ያለበት ኪስ ውስጥ ከቶ አለቀሰ። ኸይሩ እጁን አልሰበሰበም። በሌላኛው እጁ የውሻውን ጭንቅላት ያዘ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መንካቱ ነው። ትኩስ ነበር።

"አያችሁ!" አለ መለሰ ካቡ ላይ ሆኖ። "አሥር ቀን ታስሮም ሞተር ሲሰማ ያው ነው!"

"ቆይ እስቲ" አሉ ሸህ በሽር። "የነከሰውን ሰው ነው እንዲህ የሚልሰው? የተነከሰውስ እንዲህ ያቅፋል?" ዓይናቸውን ልጃቸው ላይ አሳረፉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ኸይሩ?"

"አልነከሰኝም" አለ ኸይሩ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ተጠጋ።

"አልነከሰኝም አባባ። አልነካኝም። በእግሬ ልመታው ስል ስቼ ነው የወደቅነው፤ ሱሪዬን የቀደደው ኮረኮንቹ ነው። ኸይሩ ጣለ እንዳልባል ብዬ ዋሸሁ። መምህርት፣ ክንድሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ።" እንባው መጣበት፤ ሊያብሰው ሲል እጁ በለሃጭ መራሱን አየና ተወው።

"መርፌውስ?" አለ መለሰ አፉን ከፍቶ። "አሥራ አንድ መርፌ ሆድህ ላይ ተወግተሃል እኮ!"

"ተወግቻለሁ።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ሌሎችም ሊከተሉ ሲሉ እትዬ በዛች ከተንበረከኩበት ተነሡና ሳቁ ቆመ።

"አሥር ቀን ሙሉ ጉልበትህን ስስም" አሉ፣ "አሥር ቀን ሙሉ አፉ በለኝ እያልኩ ስለምንህ፣ እየሰማህ ዝም ትለኛለህ? እኔ እናትህ ብሆን?"

ኸይሩ ከሞተሩ ወርዶ እዚያው አቧራው ላይ ተንበረከከና ጉልበታቸውን ሳመ። ማናለኝ ጨዋታ መስሎት ዙሪያቸውን ይዞራል። እትዬ በዛች ብዙ ቆዩ፣ ሆን ብለው ቆዩ። ከዚያ አገጩን ይዘው ቀና አደረጉት።

"ተነሥ። አፉ ብዬሃለሁ" አሉ። "ወላሂ ግን አንድ ጥፊ ያምረኝ ነበር።"

"የእኔንም ጨምረው ያቅምሱት!" አለች ሙሉሐረግ። "ደግሞ ከእንግዲህ ያንተ ሞተር ላይ አልወጣም። ጀሶው እስኪፈታ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፤ አንተ ደብተሮቼን ተሸክመህ ከኋላዬ ትመጣለህ። በእግርህ!"

"እሺ" አለ ኸይሩ። መንገድ ዳር ቆሞ እሱን ሲጠብቅ የነበረ አንድ ደንበኛው ይኼን ሁሉ ሰምቶ ጋቢውን አስተካከለና፣ ሳይሰናበት፣ ቁልቁለቱን በእግሩ ጀመረው። ኸይሩ አየው። ያቺ ቃል ከሰውየው ጋር ቁልቁል ስትወርድ አያት። ግን ደግሞ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የከረመው ድንጋይ አልነበረም።

መለሰ ከካቡ ወረደ። ደብተሩን ገልጦ አንድ መስመር ሰረዘና "ፌስታሉን ራሴ እቀብረዋለሁ" አለ። "ሞተር ማባረሩን ግን ምን እናድርገው?"

"እሱን ለእኔ ተዉት" አለ ኸይሩ። "የሚያባርረው የሚሸሽለት ሲያገኝ ነው። ሞተረኞቹን አንድ በአንድ አመጣቸዋለሁ። ይቁሙ፣ ስሙን ይጥሩ፣ ዳቦ ይስጡት። በሳምንት ይለምዳቸዋል።"

ሸህ በሽር ይኼን ሁሉ ጊዜ ዓይናቸውን ከልጃቸው አላነሡም ነበር። ኸይሩ ዓይናቸውን መቋቋም አቅቶት መሬት መሬት ያያል። እሳቸው በቀስታ መጡና ምርኩዛቸውን ካቡ ላይ አስደገፉ።

"በዛች፣ ውሃ ይኖራችኋል?"

እትዬ በዛች በጣሳ ይዘው መጡ። ሸህ በሽር ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር አንድ ጭብጥ ንጹሕ አፈር አነሡ።

"እጅህን አምጣ" አሉት።

"እኔ ልታጠብ አባባ፣ አይልፉ..."

"አምጣ አልኩህ።"

አፈሩን እጁ ላይ አድርገው በገዛ መዳፋቸው አሹለት፤ እንደ ሕፃን እጅ፣ ጣት በጣት፣ እስከ ክርኑ። ውሃውን አፈሰሱ። "አንድ" አሉ። ኸይሩ ከስንት ዘመን በኋላ የአባቱን እጅ እጁ ላይ ሲያገኘው ጣቶቹን ዘረጋላቸው። "ሁለት። ሦስት።" ሰዉ ሁሉ ያያል። "ጎማው ጨዋታ ነው ብዬህ ነበር" አሉት ሲያፈሱ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ። "የግመል እረኛ ልጅ ቢኖረኝም አላፍርም ነበር። አራት። አምስት። ዛሬም አላፈርኩም። ስድስት።"

የጣሳዋን የመጨረሻ ጠብታ አንጠፈጠፉ። "ሰባት። አልሐምዱሊላህ።"

ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ማናለኝ በሁለቱ መሐል ሾልኮ ገባና፣ ያንን የታጠበ እጅ ከክርን እስከ ጣት አንድ ጊዜ አጥግቦ ላሰው።

ሸህ በሽር ባዶዋን ጣሳ አዩ፣ ውሻውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ጥርስ የጎደለው አፋቸው ተከፈተ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ላ ኢላሃ ኢለላህ!" አሉ። "ቁም፣ እጅህን እንዳትነካካ። እንደ ገና ከአንድ!"

"በጣሳ አይሆንም" አሉ እትዬ በዛች እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ እንደ ልጅ እየሮጡም ወደ ቤት ገቡ። "እኔ ጀሪካኑን ነው የማመጣው!"